አበ በሶ በላ

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ትውላለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛ ላይ እግሯን እያወዛወዘች «አጎቴ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነበር የተማርከው?» አለችኝ። «ኮምፒውተር» ብላት ይበቃ ነበር። ግን አንዴ ከተጠየቅኩ የማላሳጥር ሰው ነኝ። መቀስና ወረቀት አምጪ አልኳት።

ፊቴን አዙሬ ወረቀቱ ላይ «አበበበሶበላ» ብዬ ጻፍኩ። ያለ ክፍተት፣ ሰባት ፊደል። ደጋግሜ ጻፍኩትና ከየቅጂው የተለያየ ቦታ ላይ ሦስት ሦስት ፊደል ቆረጥኩ። ከቁርጥራጮቹ ሦስቱን ብቻ በተንኩላት፦ «ሶበላ»፣ «አበበ»፣ «በበሶ»። የቀሩትን ኪሴ ከተትኩ። «የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ከተመሳሰለ ደርቢያቸው። ብዙ ፊደል የሚጋሩትን አስቀድሚ። ከዚያ አንብቢልኝ።»

አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። «አበበ» የሚያልቀው በ«በበ» ነው፤ «በበሶ» የሚጀምረውም በ«በበ» ነው። ደረበቻቸው። «ሶ»ን በ«ሶ» ላይ አደረገች። ጮክ ብላ አነበበች፦ «አበ በሶ በላ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አጎቴ፣ አበ ማነው?»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ይኼ ምስኪን አበበ ስንት ዓመት ሙሉ በሶውን ሲበላ ኖሮ፣ ዛሬ በሶው ከእሱ አንድ ፊደል በላበት። ልጅቷ ግን ምንም አላጠፋችም። ያልኳትን ነው ያደረገችው፣ ያውም ሳትሳሳት። እኔም በማስተርስ ጥናቴ ላይ የሠራሁት ይኼንኑ ነው። የእኔ ብቻ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ።

ጥናቴ የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን በኮምፒውተር ስለመገጣጠም ነበር። ዲኤንኤ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው፦ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ። የሰው ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ጽሑፍ በሙሉ፣ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው። ችግሩ ይኼን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1977 ያወጣው ዘዴ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአንድ ጊዜ የሚያነበው ጥቂት መቶ ፊደል ነው። ቢበዛ ወደ ሺህ ይጠጋል። ስለዚህ ሰው ብልሃት ፈጠረ። ዲኤንኤውን አባዝተህ፣ ቅጂዎቹን እንደመጣ ሰባብረህ፣ ቁራጮቹን ለየብቻ ታነባለህ። ከዚያ የተደራረቡበትን እያየህ መልሰህ ትሰፋቸዋለህ። መስፋቱ የኮምፒውተር ሥራ ነው።

ሲወራ ቀላል ነው። ስትጀምረው ግን ጣጣው ብዙ ነው። ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ስለሆነ ቁራጩ ከየትኛው እንደመጣ አታውቅም፤ ተገልብጦ የተነበበ ሊሆን ይችላል። ንባቡ ራሱ ይሳሳታል። ክፍተትም አለ። ኤሪክ ላንደርና ማይክል ዋተርማን በ1988 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ ስድስት ጊዜ እንዲነበብ ብታደርግ እንኳ ከ400 ፊደል አንዱ ገደማ ማንም ሳያነበው ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የምርጫው ብዛት አለ። በዚህ መስክ ሰዎች ፕሮግራማቸውን የሚፈትኑበት ኤክስ 60189 የሚባል አንድ አጭር የሰው ዲኤንኤ አለ። 3,835 ፊደል ነው። ትንሹ ፈተና 39 ቁራጭ ይሰጥሃል። ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ! እነሱን በተራ ለመደርደር ያለው አማራጭ ግን ባለ 47 አሃዝ ቁጥር ነው። የመገልበጡን ጉዳይ ገና ሳንጨምር። ሁሉንም እየሞከርኩ ምርጡን ልያዝ ብትል ፀሐይ ቀድማህ ትጠፋለች። ሁሉንም ቁራጭ የያዘውን አጭሩን ጽሑፍ ማግኘት፣ ፈጣን መንገድ ካልተገኘላቸው የኮምፒውተር ሳይንስ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ መሆኑ ከ1980 ጀምሮ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ነው ሂዩሪስቲክ የሚመጣው። ምርጡን መልስ ለማግኘት ቃል አይገባም፤ ደህና መልስ ቶሎ አምጥቶ ያሰናብትሃል። መርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉንም ሱቅ አይዞርም፤ የተወሰኑትን ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ይበቃል ብሎ ይገዛል። እንደዚያ ነው።

ከሁሉ ቀላሉ ስግብግብ የሚባለው ነው። በጣም የሚደራረቡትን ሁለት ቁራጮች ይፈልጋል፣ ያጣብቃቸዋል፣ እንደገና ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ የተጠቀመችው ይኼን ነው። አንዴ ያጣበቀውን አይፈታም። ያ ደግሞ ሲታይ ድክመት ይመስላል፤ ለዚህም የተሻለ ነገር የሚፈልጉ ብዙዎች ተነሱ። አንዳንዶቹ ከአንጥረኛ ተማሩ። ብረት ሲግል እንደልብ ይታጠፋል፣ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። ፕሮግራሙም መጀመሪያ ላይ መጥፎ ለውጥ ጭምር ይቀበላል፣ እየቆየ ግን ይቆጠባል። ሲሙሌትድ አኒሊንግ ይሉታል፤ በ1983 እነ ስኮት ኪርክፓትሪክ አስተዋወቁት። ሌሎች ጉንዳኖች መንገድ የሚያገኙበትን ዘዴ ወሰዱ። እኔን የማረከኝ ግን የጄኔቲክ አልጎሪዝም ነበር።

ስሙ ራሱ ማረከኝ ብል አልዋሸሁም። የዘር ጽሑፍን በዘር ሕግ መገጣጠም! አማካሪዬ ፊት ርዕሱን ሳቀርብ ይኼን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ነበር ያልኩት። ሐሳቡ የእኔ አልነበረም፤ ሬቤካ ፓርሰንስ፣ ስቴፋኒ ፎረስትና ክርስቲያን በርክስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞክረውት በ1995 ሰፋ አድርገው ጽፈውበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መቶ ያህል የዘፈቀደ ድርድር ትፈጥራለህ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ቁራጮች ስንት ፊደል እንደሚጋሩ ደምረህ ለእያንዳንዱ ድርድር ነጥብ ትሰጣለህ። ጥሩ ነጥብ ያላቸውን ታዳቅላለህ፣ አልፎ አልፎ ሁለት ቁራጭ ቦታ ታለዋውጣለህ፣ ደካሞቹን ትጥላለህ። ለሺህ ትውልድ ትደጋግመዋለህ።

ማዳቀሉ ላይ ነው ያለቀስኩት። ከአባት ግማሽ፣ ከእናት ግማሽ ወስደህ ብታጣብቅ ልጁ አንዱን ቁራጭ ሁለቴ ይዞ ሌላውን ሳይይዝ ይወለዳል። ስለዚህ ከአባት የወሰድከውን ዘለህ፣ የቀረውን በእናትየው ተራ ነው የምትሞላው። ይኼን ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ መጠበቅ። ላፕቶፔ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይጀምርና እስከ ንጋት እንደ ወፍጮ ሲጮህ ያድራል። ባትሪው ሞቷል። አንድ ሌሊት 700ኛው ትውልድ ላይ መብራት ሄደ። በየመሃሉ አስቀምጥ የሚል መስመር ኮዱ ውስጥ አልነበረም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለራሴ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ፈተናውን ራሴ ነበር የሠራሁት። 10,000 ፊደል የዘፈቀደ ጽሑፍ ፈጠርኩ። እውነተኛ እንዲመስል አንድ 1,500 ፊደል የሚሆን አንቀጽ ሁለት ቦታ ላይ ደገምኩ። በእውነተኛ ጂኖም ውስጥ ድግግሞሽ እንደ አሸዋ ነው። የሰው ጂኖም ግማሽ ያህሉ ድግግሞሽ ነው። «አሉ» (Alu) የሚል ስም የተሰጠው 300 ፊደል ገደማ የሆነ ቃል ብቻውን ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ከዚያ ጽሑፉን 400 ፊደል ገደማ ወደሆኑ ቁራጮች ሰባበርኩት።

አንድ ጠዋት ስነሳ ነጥቡ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ከፍታ ላይ ደርሷል። ግራፉን አትሜ ሮጥኩ።

አማካሪዬ ግራፉን አየት አደረጉና «የትክክለኛው ድርድር ነጥብ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ ዶክተር?»

«ጽሑፉን የፈጠርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ትክክለኛውን ተራ ታውቀዋለህ። ነጥቡን አስላው።»

እዚያው ቢሮአቸው ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቼ አሰላሁት። ትክክለኛው መልስ ከእኔ መልስ ያነሰ ነጥብ አገኘ። በጥቂት አይደለም፤ በብዙ መቶ። መጀመሪያ ኮዱ የተሳሳተ መሰለኝና እንደገና አሰላሁ። ያው ነው። ፕሮግራሜ ያወጣውን ጽሑፍ ስንመለከተው ሁለቱን ተመሳሳይ አንቀጾች እንደ አንድ ቆጥሮ ደራርቧቸዋል። በመሃላቸው የነበረው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከማንም ጋር ሳይነካካ ዳር ላይ ደሴት ሆኖ ተቀምጧል። ብዙ ስለተደራረበ ነጥቡ ከፍ አለ። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ።

አማካሪዬ ሳቁ። «ይኼ እኮ ደህና ዜና ነው። መልእክተኛህ ጎበዝ ነው፤ የላክኸው ግን የተሳሳተ ቤት ነው» አሉኝ። በወቅቱ አላጽናናኝም።

ከዚያ ነጥብ አሰጣጡን ማሻሻል ጀመርኩ። ሰው ያልሞከረው ነገር አይደለም። ኤንሪኬ አልባና ጋብሪኤል ሉኬ የሚባሉ የማላጋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 ፓልስ የሚባል ዘዴ አውጥተዋል። የተደራረበውን ፊደል ብቻ ሳይሆን የተበጣጠሱትን ደሴቶች ብዛትም ያያል፤ ደሴት የሚቀንስ ለውጥ ይመርጣል። ወሰድኩት። ሠራ! ደሴቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን ያንኑ አንቀጽ ሦስት ቦታ ላይ ደገምኩት።

እዚህ ላይ አዝማች ያለው ዘፈን አስብ። አንደኛ ስንኝ፣ አዝማች፣ ሁለተኛ ስንኝ፣ አዝማች፣ ሦስተኛ ስንኝ፣ አዝማች፣ አራተኛ ስንኝ። ግጥሙን ሰባብሬ ብሰጥህና ከቁራጮቹ አንዱም ከአዝማቹ ከግማሽ በላይ የማይረዝም ቢሆን፣ ሁለተኛው ስንኝ ከሦስተኛው እንደሚቀድም በምን ታውቃለህ? ቦታ ብታለዋውጣቸው ርዝመቱ ያው ነው። ድርቡ ያው ነው። ደሴት የለም። ነጥቡ እኩል ነው፣ ምንም ዓይነት ነጥብ ብትፈጥር እኩል ነው። ፕሮግራሜ አንዳንድ ሌሊት አንዱን፣ አንዳንድ ሌሊት ሌላውን ያወጣ ነበር፤ በሁለቱም በእኩል ኩራት።

ያኔ ነው የገባኝ። ስፈልገው የከረምኩት ነገር ከመነሻው ቁራጮቹ ውስጥ አልነበረም። የጠፋብህ በግ በረት ውስጥ ከሌለ፣ በረቱን የምትፈትሽበት ፋኖስ ቢደምቅ ምን ይጠቅምሃል?

ይኼ ሲገባኝ የመስኩን ታሪክ በሌላ ዓይን አነበብኩት። ትልልቆቹ ድሎች የመጡት በጉንዳንም በማዳቀልም አልነበረም። በ1995 ራሱን ችሎ የሚኖር ፍጡር ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ (ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ የምትባል ባክቴሪያ፣ 1,830,137 ፊደል) 24,000 ገደማ ቁራጮችን የገጣጠመው ፕሮግራም መሠረቱ ስግብግብ ነበር። የሰው ጂኖም ላይም እንዲሁ። በ2000 ጂም ኬንት የሚባል የካሊፎርኒያው ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ በአራት ሳምንት ውስጥ ጊግአሴምብለር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። ቀን ቀን ሲጽፍ ውሎ ማታ የእጁን አንጓ በበረዶ ያስታምም ነበር ይባላል። መቶ ተራ ኮምፒውተሮች ላይ አስኬዶት ጁን 22 ቀን የሰውን ጂኖም የመጀመሪያ ረቂቅ ገጣጠመ። ይፋ የሆነው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የእሱም ፕሮግራም ስግብግብ ነው። ልዩነቱ ያለው ከምግቡ ነው። ድርብ ብቻ አላየም፤ ካርታ፣ የሁለት ጫፍ ንባቦች፣ የጂን ቅጂዎች፣ ምን ቁራጭ ከምን ሩቅ ቁራጭ ጋር እንደሚዛመድ የሚናገር ማንኛውም መረጃ ተሰጥቶታል። እኔ ፈላጊዬን ሳሠለጥን እሱ የሚፈለገውን መረጃ ሲሰበስብ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፓቬል ፔቭዝነር፣ ሃይሹ ታንግና ማይክል ዋተርማን ጥያቄውን ራሱን ቀየሩት። ቁራጮችን መደርደሩን ተዉት። ሁሉንም ይበልጥ ሰባብረው ወደ አጫጭር እኩል ቃላት አወረዱና እያንዳንዱን ቃል እንደ ድልድይ ቆጠሩት። ሊዮናርድ ኦይለር በ1736 የኮኒግስበርግ ከተማን ሰባት ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ ይቻላል ወይ ብሎ የተነሳበት ጥያቄ ማለት ነው። ሁሉንም ከተማ የሚያዳርስ መንገድ መፈለግ፣ ማለትም እንደ እኔ ቁራጭ መደርደር፣ ያሰቃያል፤ ሁሉንም ድልድይ የሚያዳርሰውን ማግኘት ግን ላፕቶፔ እንኳ በቅጽበት ይሠራዋል። ቆንጆ ነገር ነው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ከባድ ጥያቄ ተነነ። ግን ያ መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ድግግሞሽ ባለበት ቦታ ሁሉ ብዙ እኩል መንገድ አለ። አዝማቹ እዚህም ቆሞ ይጠብቅሃል።

አዝማቹን የሚያሸንፈው ከእሱ የሚረዝም ንባብ ብቻ ነው። ይኼን ለማግኘት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። የሰው ጂኖም ተጠናቀቀ ሲባል የሰማነው ብዙ ጊዜ ነው፤ እውነት የተጠናቀቀው ግን በ2022 ነው። ከዚያ በፊት 8 በመቶ ያህሉ፣ ድግግሞሹ የበዛበት ክፍል፣ ባዶ ነበር። የሞላው በሺዎችና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፊደል በአንድ ትንፋሽ የሚያነቡ መሣሪያዎች ስለመጡ ነው።

ከእኛ ቤት ያለው ምሳሌ ጤፍ ነው። እንጀራ ስበላ ስለዚህ ማሰብ ልማድ ሆኖብኛል፤ ባለቤቴ ሰልችቷታል። ጤፍ በጥንት ጊዜ ከሁለት የተለያዩ ሣሮች መዳቀል የመጣ ነው። የሁለቱንም ወላጆች ጂኖም ሙሉ በሙሉ ይዞ ነው የሚኖረው፤ 40 ክሮሞዞም (ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮች)፣ በሁለት ቤተሰብ የተከፈለ። ሁለቱ ቤተሰቦች ደግሞ ይመሳሰላሉ። ለገጣጣሚ ፕሮግራም ይኼ ቅዠት ነው፤ ጂኖሙ ከዳር እስከ ዳር አዝማች ሆነ ማለት ነው። በ2014 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው ዘሪሁን ታደለ ያሉበት ቡድን ጸደይ የሚባለውን ዝርያ በዋናነት በአጫጭር ንባብ አነበበ። ትልቅ ሥራ ነው፤ መሠረቱን ጣለ። ግን ጽሑፉ ብዙ ቦታ የተበጣጠሰ ነበር። በ2020 ዳቢ የሚባለው ዝርያ በረጅም ንባብ ሲነበብ ሁለቱ ቤተሰቦች ተለያይተው፣ ክሮሞዞም በክሮሞዞም ወጡ። በመሃል የተቀየረው ዋናው ነገር የቁራጩ ርዝመት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሂዩሪስቲኩ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የዛሬዎቹ ገጣጣሚዎች ሆድ ዕቃቸው ሂዩሪስቲክ ነው። የትኛውን ቅርንጫፍ እንቁረጥ፣ የትኛው የንባብ ስህተት ነው፣ የትኛው እውነተኛ ልዩነት ነው፣ ሁሉም በግምት ብልሃት ነው የሚወሰነው። እኔ የምጠላው ግራፍ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ መሮጥን ነው። አሁንም ወጣቶች አዲስ እንስሳ (ተኩላ፣ ንብ፣ የሌሊት ወፍ) ይዘው መጥተው ባለ 39 ቁራጯ ፈተና ላይ ነጥብ በአምስት ከፍ ሲያደርጉ አያለሁ። «የትክክለኛው ድርድር ነጥብ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ያንን ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የድሮ ፍላሽ ውስጥ ኮዴን አገኘሁት። አሁን ባለኝ ላፕቶፕ አስነሳሁት። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ ሻይ እስኪፈላ አለቀ። ነጥቡ ከድሮውም በለጠ። ደሴቷ እዚያው ዳር ላይ ተቀምጣለች።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ልጅቷ «አበ ማነው?» ብላ ስትጠብቀኝ እጄን ኪሴ ከተትኩና አንዲት ረጅም ቁራጭ አወጣሁ። አምስት ፊደል ናት፦ «አበበበሶ»። ከአጠገቧ አኖርኩላት። ጣቷን ፊደል በፊደል አስኬደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት «በ»። የራሷን ሥራ ተመለከተች። ሁለት «በ»። የደረበቻቸውን ወረቀቶች ገፋ አድርጋ ለያየቻቸው።

«አበበ ነዋ!» አለች። ትንሽ ተናዳለች። «ለምን መጀመሪያ አልሰጠኸኝም?»

«በእኔ ጊዜ እንደዚህ ዓይነት አልነበረም» አልኳት።

ከኪሴ ሳወጣው አይታለች። አላመነችኝም።